ባለጎማ ብረት ለበስን ከፎቶ መለየት፦ ከአፈሙዙ ሳይሆን ከበሩ ጀምሩ

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የብረት ለበስ ፎቶ ሲለጠፍ ከሥሩ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ «ታንክ» ነው። ትንሽ የገባው ሰው ደግሞ «ቢቲአር» ብሎ ያልፋል፤ የሶቪየት ሥሪት ባለጎማ የወታደር ማጓጓዣ መጠሪያ ነው። አንዱ ከሌላው የተሻለ ቢሆንም ሁለቱም በተመሳሳይ ምክንያት ይሳሳታሉ፤ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው መሣሪያው ላይ ነው። መሣሪያው ግን ከሁሉ በላይ የሚያታልል ክፍል ነው። ጣሪያው ላይ የሚዞረው ያ ጠፍጣፋ ኮን የመሰለ ቱሬት፣ 14.5 ሚሊ ሜትር ኬፒቪቲ ከባድ መትረየስና ጎኑ 7.62 ሚሊ ሜትር ፒኬቲ መትረየስ የያዘው፣ በቢቲአር-60ፒቢ፣ በቢቲአር-70፣ በቢቲአር-80 እና በቢአርዲኤም-2 ላይ ያው ነው ማለት ይቻላል። የቼኮዝሎቫኪያና የፖላንድ የጋራ ሥራ የሆነው ኦቲ-64 እንኳ ባለቱሬት ዓይነቱ እሱኑ የመሰለ ተሸክሟል። ስለዚህ ቱሬቱን አይቶ ስም መስጠት ኮፍያውን አይቶ ሰውየውን እንደ መጥራት ነው።

እዚህ የምናሳየው መንገድ የሚነሳው ከበሩ ነው። ባለጎማ የወታደር ማጓጓዣ ሲነደፍ የመጀመሪያው ውሳኔ ሞተሩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ሞተሩ ኋላ ከሆነ ወታደሩ በኋላ መውጣት አይችልም፤ በጎን ወይም በጣሪያ ይወጣል። ሞተሩ ፊት ከሆነ ኋላው ባዶ ይሆንና ሰፊ በር ወይም የሚዘረጋ መወጣጫ ይገባበታል። ቀለም ይቀየራል፣ መትረየስ ይፈታል፣ ተጨማሪ ብረት ይበየዳል። የበሩ ቦታ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ይቀራል።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ስልክ፣ ፎቶውን ማጉላት እና ከተቻለ የዚያው ተሽከርካሪ ሁለተኛ ፎቶ ከሌላ ማዕዘን ነው። አንድ ጎን ብቻ የታየበት ፎቶ ብዙ ይናገራል፤ ከፊት ብቻ የተነሳው ግን ትንሽ ነው የሚናገረው። የምንጠቅሳቸው የሥሪት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ እግሩን ቁጠሩ

በሰንሰለት የሚሄድ ከሆነ ይህ መመሪያ አይመለከተውም። እሱም ቢሆን ሁሉ ታንክ አይደለም። ኤም-113 እና ቢኤምፒ-1 በሰንሰለት የሚሄዱ የወታደር ተሸካሚዎች ናቸው። ጎማ ካለው ግን በአንድ ጎን ስንት እንደሆነ ቁጠሩ፤ ሁለት፣ ሦስት ወይስ አራት። ሣርና አቧራ ጎማውን ሲሸፍነው ከላይ ያለውን የጎማ ቅስት ቁጠሩ።

በአንድ ጎን ሁለት ጎማ ካለና ቱሬቱ ከላይ የጠቀስነው ከሆነ የያዛችሁት በአብዛኛው ቢአርዲኤም-2 ነው። ይህ የወታደር ማጓጓዣ አይደለም፤ አራት ሰው የሚይዝ የቅኝት መኪና ነው። ርዝመቱ 5.75 ሜትር፣ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። ባለ 8 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሩ 140 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የተቀመጠውም ኋላ ነው። እርግጠኛ የምትሆኑት በሆዱ ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል፣ ከሆዱ ሥር፣ አራት ትንንሽ ጎማዎች ተሰብስበው ይታያሉ። ቦይ ለመሻገር ሾፌሩ ያወርዳቸዋል። ፎቶው ላይ በሁለቱ ትላልቅ ጎማዎች መካከል ጎኑ ወደ ውጭ ያበጠ መስሎ ከታያችሁ እነሱን የያዘው ክፍል ነው። ብዙ ሰው ይህን ለቢቲአር የሚሰጠው ቱሬቱን ብቻ ስላየ ነው።

በአንድ ጎን ሦስት ጎማ ካለ፣ ፊቱም እንደ ጭነት መኪና ኮፈን ካለው፣ ቢቲአር-152 ሊሆን ይችላል። በ1950 ሥራ የገባ አሮጌ ነው፤ መሠረቱ የሶቪየት የጭነት መኪና ሻንሲ ነው፣ ጣሪያውም ክፍት ነው። ሞተሩ ፊት ስለሆነ በሩ ኋላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ትርፍ ጎማው እዚያው በሩ ላይ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ወደ ጎማው ከውጭ የሚገባ ቀጭን የአየር ቱቦ ይታያል። ሾፌሩ ሳይወርድ ጎማ የሚነፋበትና የሚያስተነፍስበት ነው። በኋላ የመጡት ቱቦውን ወደ ውስጥ ስላስገቡት ይህ ጥሩ ምልክት ነው።

በአንድ ጎን አራት ጎማ ካለ ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

አራቱ ጎማ፦ በሩ የት አለ?

የሩሲያውያኑ ባለስምንት ጎማ የቢቲአር ቤተሰብ ሁሉ ጀልባ የመሰለ አፍንጫ፣ ወደ ውስጥ ያዘነበለ የላይኛ ጎንና ኋላ የተቀመጠ ሞተር አለው። ሾፌሩ በግራ፣ አዛዡ በቀኝ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሁለቱም ፊት ያሉት ጥንድ ጎማዎች መሪ ይዞራሉ፤ መኪናው ሲታጠፍ ከተነሳ ከፊት አራት ጎማዎች አንድ ላይ ጠምዘዝ ብለው ታያላችሁ። ይህ ቤተሰቡን ይለያል እንጂ ከቤተሰቡ ውስጥ የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም። አሁን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጎማ መካከል አጉሉ።

እዚያ ምንም በር ከሌለ ቢቲአር-60 ነው። ወታደሩ የሚወጣው በጣሪያው መዝጊያዎች ነው፤ ወይም ከጎማዎቹ በላይ ባለው ያዘነበለ ብረት ላይ ባለች ትንሽ መዝጊያ። ተኩስ እየዘነበ በጣሪያ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ይገምታል። የሥሪቱ ትልቁ ድክመት ይህ ነው፤ ከኋላው የመጡት ሁሉ የሞከሩት ይህንኑ ለማቃለል ነው።

እዚያ ዝቅ ያለች ጠባብ በር ካለች፣ ከሁለቱ ጎማ መሃል ተሸጉጣ ሰው አጎንብሶ ወይም ተስቦ የሚወጣባት የምትመስል፣ ቢቲአር-70 ነው። ሥራ የገባው በ1972 ነው። በሩን ለማስገባት ሁለተኛና ሦስተኛውን ጎማ ማራራቅ ስላስፈለገ ክፍተቱ ከቢቲአር-60ው ይሰፋል፤ በሩ በጭቃ ቢሸፈን እንኳ ክፍተቱን ከሌሎቹ ክፍተቶች ጋር አስተያዩ።

እዚያ ትልቅ፣ ሁለት ቁራጭ በር ካለ ቢቲአር-80 ነው፤ 1986። የታችኛው ቁራጭ ወደ ታች ወድቆ መርገጫ ይሆናል፣ የላይኛው ወደ ፊት ይከፈታል። ይህ አሠራር መኪናው ቀስ ብሎ እየሄደ ወታደሩ እንዲወርድ ያስችላል፤ የተከፈተው የላይኛው ቁራጭም ከፊት በኩል ትንሽ ይጋርደዋል። በሩ ተዘግቶ የተነሳ ፎቶ ላይ በበሩ መሃል የሚያልፈውን አግድም መስመር ፈልጉ። ያ መስመር ከታየ ክርክሩ አለቀ።

በሩ ኋላ ከሆነና ሁለት ሳንቃ ከሆነ ግን ከዚህ ቤተሰብ ወጣችሁ። ቱሬቱ ኬፒቪቲ ቢሸከምም ኦቲ-64ን አስቡ። በአየር የሚቀዘቅዝ የታትራ ናፍጣ ሞተሩ ከሾፌሩና ከአዛዡ በስተኋላ ስለተቀመጠ የኋላው ክፍል ነፃ ሆኗል። ከጎን ሲታይ ጎማዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረው፣ መሃላቸው ላይ ሰፊ ክፍተት አለ።

በአንድ ብረት ለበስ ውስጥ ምን አለ

ከፎቶው ጀርባ ያለውን ሳያውቁ ምልክቶችን መሸምደድ ለጥቂት ቀን ነው የሚቆየው። ቢቲአር-60ፒቢን እንክፈተው። እኛ ዘንድ ከሌሎቹ ይልቅ የሚታወቀው እሱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የሶቪየት ኅብረት ፊቷን ወደ አዲስ አበባ ስታዞር ከመጡት መሣሪያዎች አንዱ ነበር። በወቅቱ ሶማሊያም የታጠቀችው የሶቪየት መሣሪያ ስለነበር የዚያን ዘመን ፎቶ ስታዩ ተሽከርካሪው ብቻውን የማን እንደሆነ አይነግራችሁም።

ክብደቱ 10.3 ቶን ነው። ቁመቱ 2.31፣ ወርዱ 2.8 ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ከ7.2 ሜትር በላይ ነው። ለማነጻጸር ያህል የላንድ ክሩዘር ፒካፕ ከ5 ሜትር ትንሽ ነው የሚበልጠው። ኋላው ላይ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት የቤንዚን ሞተሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ባለ 6 ሲሊንደር፣ ባለ 90 የፈረስ ጉልበት። አንዱ ሞተር አንደኛውንና ሦስተኛውን አክስል ይነዳል፣ ሌላው ሁለተኛውንና አራተኛውን። ለምን ሁለት? ለዚህ ክብደት የሚበቃ አንድ ሞተር በእጃቸው ስላልነበረ የጭነት መኪና ሞተር ዘር የሆኑትን ሁለቱን አጣመሩ። ጥቅሙ አንዱ ቢሞት በሌላው ቀስ ብሎ መውጣት መቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ለሜካኒኩ ነው፦ ሁለት ፍሪሲዮን፣ ሁለት ካምቢዮ፣ ሁለት ራዲያተር። ሁለቱን በእኩል ማሠራት ካልተቻለ አንዱ ሞተር ሌላውን ሲጎትት ይውላል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ይሞቃል። ጭስ ከአንድ ጎን ብቻ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ካያችሁ አንድ ሞተር ላይ እየሄደ ሊሆን ይችላል።

ቤንዚን መሆኑ ሌላው ችግር ነው። 290 ሊትር ያህል ቤንዚን ከወታደሩ ጀርባ ተቀምጦ፣ የጎኑ ብረት ደግሞ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያ ብረት የክላሽን ጥይትና ስብርባሪ ይመልሳል። ድሽቃን ግን ከቅርብ ርቀት አይመልስም። ቢቲአር-70ም ቤንዚን ነው፤ ሞተሮቹ 120 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ባለ 8 ሲሊንደር ናቸው። ቢቲአር-80 ላይ ሲደርስ ሁለቱ ተነሥተው አንድ 260 የፈረስ ጉልበት ያለው የካማዝ ናፍጣ ሞተር ገባ። ሜካኒኮች እፎይ ያሉት ያኔ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ኬፒቪቲው 500 ጥይት ይይዛል፣ በ10 ሳጥን፣ እያንዳንዱ 50። ፒኬቲው 2,000 ይይዛል፣ በ8 ሳጥን፣ እያንዳንዱ 250። ቱሬቱ የሚዞረው በእጅ ነው፤ ተኳሹ ከታች ተቀምጦ ማዞሪያ ያሽከረክራል። የራሱ የላይኛ መዝጊያ የለውም፤ ስለዚህ ከቱሬቱ አናት ላይ ወገቡን ያወጣ ሰው ካያችሁ ያ ቱሬት ይህ አይደለም። ወደ ላይ የሚያነሳው እስከ 30 ዲግሪ ነው። አፍጋኒስታን ውስጥ፣ ሸለቆ ውስጥ ያለ መኪና ከገደሉ አናት የሚተኩስበትን ሰው ማግኘት ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በቢቲአር-80 ላይ ማዕዘኑ ወደ 60 ዲግሪ የተነሳው ከዚያ ትምህርት በኋላ ነው። ፎቶ ላይ አፈሙዙ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ከሆነ ይህችን ቁጥር አስታውሱ።

የመጀመሪያው ቢቲአር-60ፒ ጣሪያ አልነበረውም፤ 14 እግረኛ ይጭን ነበር። ፒኤ የሚባለው ጣሪያ ተደፋበት። ፒቢው ቱሬት ሲጨመርበት የእግረኛው ቁጥር ወደ 8 ወረደ። ጣሪያው ላይ ቱሬት ሳይሆን የአልጋ ጠርዝ የመሰለ የብረት አንቴና ከዞረበት የአዛዥ መኪና ነው፤ በውስጡ ያለው ወንበር ሳይሆን ሬዲዮና ጠረጴዛ ነው።

ጎማው ጠፍጥፏል ማለት ተበስቷል ማለት አይደለም

ይህ የብዙ ሰው ስህተት ስለሆነ ለብቻው እናንሳው። የዚህ ቤተሰብ ሾፌር በፊቱ ካለው መቆጣጠሪያ የሁሉንም ጎማ አየር መቀነስና መጨመር ይችላል። አሸዋ ወይም ጭቃ ላይ ሲደርስ ያስተነፍሳል፤ ጎማው ጠፍጥፎ መሬቱን የሚነካው ስፋት ይጨምርና መኪናው አይሰጥምም። አስፋልት ላይ ሲወጣ መልሶ ይነፋል። ስለዚህ አሸዋ ላይ ስምንቱም እኩል ጠፍጥፈው ካያችሁ ሆን ተብሎ ነው። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ቸርኬያቸው ላይ ከተኙ ግን ተመትተዋል። ያም ሆኖ መኪናው መሄዱን ሊቀጥል ይችላል። ጥይት የበሳው ጎማ ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ እየነፋ ይደርሳል፤ ፈንጂ ያፈረሰውን ግን አይነፋም።

የሚበላሸው የት ነው? አየር በአክስሉ ውስጥ ወደሚዞረው ጎማ የሚያልፍበት ማሸጊያ ላይ ነው። ጎማ ቢያልቅ፣ ማሸጊያ ቢያረጅ፣ ለሁለቱም ትርፍ ዕቃ ካልተገኘ አየሩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ መስመሩም ይዘጋል። ዓመታትን ቆሞ ያሳለፈ ቢቲአር አንድ ጎን ጎማው ሁሉ ተኝቶ የምታዩት ለዚህ ነው። ይህ ጦርነት ሳይሆን ዕድሜ ነው።

ውሃ ላይ ሲታይ

አፍንጫው ላይ አንድ ሰሌዳ ተዘርግቶ ከቆመ መኪናው ወደ ውሃ እየገባ ወይም ከውሃ እየወጣ ነው። ሰሌዳው ሞገዱ ሾፌሩ ፊት እንዳይደፋ ይከላከላል። በደረቅ መሬት ላይ ሲሄድ ወደ ታች ታጥፎ ፊቱ ላይ ተጣብቆ ይተኛል። መገፋቱን የሚያከናውነው ኋላው መሃል ላይ ያለው፣ ውሃ ወደ ኋላ የሚረጨው አንድ የውሃ ጄት ነው፤ የብስ ላይ ሲሆን መዝጊያው ይከደናል። ፎቶ ላይ ከኋላ የሚታየው ይህ ክዳን ሰው «የኋላ በር» ብሎ የሚሳሳትበት ነው። ወታደር በዚያ አይወጣም፤ ከጀርባው ሞተር አለ።

የመግቢያው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። ከሥር ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ሁሉ መዘጋታቸው ይታያል። የበሩና የመዝጊያው ላስቲክ ይፈተሻል። ሰሌዳው ይነሳል፣ የውሃ መምጠጫ ፓምፑ ይበራል፣ የጄቱ ክዳን ይከፈታል። ከዚያ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ፣ በቀጥታ ይገባል። በፍጥነት ከገባ አፍንጫው ይጠልቃል፤ በጎን ከገባ ደግሞ ይገለበጣል። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የወንዙ ጅረት ወደዚያ ፍጥነት ከቀረበ መኪናው ወደ ፊት ሳይሆን ከጅረቱ ጋር ወደ ወንዙ ታች ነው የሚሄደው። ሊሰጥም የሚችልባቸው ዋና ምክንያቶች ያልተዘጋ ማፍሰሻ፣ የደረቀ የበር ላስቲክ፣ እና በዲዛይኑ ያልነበረ ክብደት ናቸው። ስለዚህ ጎኑ ላይ ወፍራም ብረትና የአሸዋ ከረጢት የተደረደረበት ቢቲአር ይዋኛል ብላችሁ አትጻፉ።

ሞተሩ ፊት ያለው ወገን

የምዕራቡ ዓለም ሥሪት አብዛኛው ተቃራኒ ነው። የአሜሪካው ስትራይከር ሥራ የገባው በ2002 ሲሆን ሾፌሩ ፊት በግራ፣ ባለ 350 የፈረስ ጉልበት የካተርፒላር ናፍጣ ሞተሩ ፊት በቀኝ ነው። ኋላው ሙሉ በሙሉ የሚወርድ መወጣጫ አለው፤ ሁለት ሠራተኛና 9 እግረኛ ይይዛል። የማርሚታው ጭስ የሚወጣው በቀኝ ጎን ነው። ኢራቅ ውስጥ የተነሱ ፎቶዎቹ ላይ ዙሪያውን የብረት ፍርግርግ ለብሶ ከነበረው ጋር አይገናኝም ብላችሁ አትወዛገቡ፤ ፍርግርጉ አርፒጂን ሊያከሽፍ የተገጠመ ልብስ ነው፣ ሲወልቅ ያው ነው። አሜሪካ የሚኖር አንባቢ ባቡር ላይ ተጭኖ ሲያልፍ የሚያየው ባለስምንት ጎማም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

የእስራኤሉ ኤይታን በ2016 ለሕዝብ የታየ ነው፤ 750 የፈረስ ጉልበት፣ ስምንት ጎማ፣ የኋላ መወጣጫ። ግዙፍነቱ ራሱ ይለየዋል፤ ጎኑ የቆመ ግድግዳ ነው፣ እንደ ቢቲአር ወደ ውስጥ አያዘነብልም። ከአንድ ቢቲአር-60 ጋር ቢነጻጸር ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ነው። መዋኘት አልታሰበበትም፤ የዘመኑ ሥሪት ከውሃ ይልቅ ፈንጂን ስለሚፈራ ያንን ክብደት ወደ ወለሉና ወደ ጎኑ ብረት አውሎታል።

የፈረንሳዩ ቫብ ለመለየት ቀላል ነው። በአብዛኛው አራት ጎማ ነው፤ ፊቱ ላይ እንደ ጭነት መኪና ሁለት መስኮት አለው፣ ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ ነው፣ በሩ ኋላ ሁለት ሳንቃ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአፍሪካ ብዙ ቦታ አለ።

በሰላም ማስከበር ፎቶዎች ላይ የምታዩት ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ከፍ ብሎ የቆመና ሆዱ ወደ ታች የሾለ መኪና ደግሞ ሌላ ዘር ነው። ካስፒር የሚባለው የደቡብ አፍሪካው ሥሪት አባታቸው ነው ማለት ይቻላል። ሆዱ እንደ «ቪ» ፊደል የሾለው የፈንጂው ግፊት ወደ ጎን እንዲሸሽ ነው። ዋጋውም ይታያል፤ ረጅም ስለሆነ ገደላማ መንገድ ላይ ይገለበጣል። የቢቲአር ወለል ግን ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ነው፤ ለመንሳፈፍ ይመቻል፣ ለፈንጂ ግን አይመችም። ወታደሮች ከውስጥ ይልቅ ጣሪያው ላይ ተቀምጠው ሲሄዱ የምታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስንፍና አይደለም፤ ፈንጂ ቢረግጥ ከውስጥ መሆን ከሁሉ የከፋ ነው ብለው ስለሚያስቡ ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ቢቲአር-80ን በተለመደ ሥሪቱ ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ ከቱሬቱ ጀርባ የተደረደሩት 6 የጭስ ማስወንጨፊያ ቱቦዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 81 ሚሊ ሜትር። ሆኖም ታድሰው የወጡ ቢቲአር-70ዎችም ሊኖራቸው ይችላል። ቱቦው ይመስክር፣ ፍርዱን ግን በሩ ይስጥ።

ኬፒቪቲው ተነሥቶ 30 ሚሊ ሜትር ረጅም መድፍ ከተተከለበት ቢቲአር-80ኤ ወይም ሌላ የተሻሻለ ዓይነት ሊሆን ይችላል። አካሉ ግን ያው የ80 አካል ነው። «አካሉ የቢቲአር-80፣ መሣሪያው 30 ሚሊ» ብሎ መጻፍ ከተሳሳተ ስም ይሻላል።

የተገለበጠ ፎቶም አለ፤ ስልክ ወይም ሶፍትዌር እንደ መስታወት ያዞረው። ቁጥርና ጽሑፍ ካለ በዚያ ታውቃላችሁ። ከሌለ ሾፌሩን ፈልጉ፤ መሪ የያዘው ሰው በመኪናው በራሱ ቀኝ (ከፊት ስታዩት በእናንተ ግራ) ከታየ ፎቶው ዞሯል፣ ወይም ያሰባችሁት ዓይነት አይደለም።

ጥይቱም ያግዛል። መሬት ላይ የወደቀው ቀለህ ከታየና አጠገቡ ልኬት ካለ ርዝመቱን አንብቡ። የኬፒቪቲው ቀለህ 114 ሚሊ ሜትር ነው፣ የድሽቃው 108። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የኬፒቪቲው በወፍራምነቱ ግልጽ ነው።

የተቃጠለውን ማንበብ

የተቃጠለ ብረት ለበስ ቀለም የለውም፤ ዝገት ብርቱካናማ ያደርገዋል። ጎማው አመድ ሆኖ መኪናው ቸርኬው ላይ ስለሚወድቅ ከነበረበት ያጥራል። ሰው «ትንሽ ታንክ» የሚለው ያኔ ነው። ቱሬቱ ሊኖር ላይኖርም ይችላል፤ ከሌለ ጣሪያው ላይ ክብ ቀዳዳ ይቀራል። ይህ ሁሉ ቢጠፋም ሁለት ነገሮች ይተርፋሉ።

አንደኛው የቸርኬ ቁጥርና በሁለተኛና በሦስተኛው መካከል ያለው ቀዳዳ ወይም ድፍን ብረት ነው። በሩ ተቃጥሎ አይጠፋም፤ ቢወድቅ እንኳ ባዶ ክፈፉ ይቀራል።

ሁለተኛው የኋላው ክፍል ነው። የሞተሩ ክዳን ተከፍቶ ወይም ወድቆ ከሆነ የሞተር ብሎኮቹን ቁጠሩ። ጎን ለጎን ሁለት ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሊንደሩ በአንድ መስመር የተደረደረ ብሎክ ካለ ቢቲአር-60 ነው። ሁለት ሆነው እያንዳንዳቸው በ«ቪ» ቅርጽ ከተከፈሉ ቢቲአር-70። አንድ ትልቅ ብሎክ ብቻ ከሆነ ቢቲአር-80። የአሉሚኒየም ክፍሎች ቀልጠው መሬት ላይ እንደ ሊጥ ፈስሰው ታዩ ይሆናል፤ ከብረት የተሠራ ብሎክ ግን እሳቱን ችሎ ይቆያል።

ስትጽፉም የታየውን ከተገመተው ለዩ። «ስምንት ጎማ፣ በጎን በር የለም፣ ሁለት ባለ 6 ሲሊንደር ብሎክ፤ ቢቲአር-60፣ ቱሬቱ ስለሌለ ዓይነቱ አልታወቀም» የሚል መስመር ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። የሚታየው ግማሹ ብቻ ሲሆን «የቢቲአር ቤተሰብ» ብሎ መቆም ነውር የለውም።

ይህን ሁሉ ማድረግ የሚቻለው ከርቀት ነው፤ በስልክ አጉልቶ። ለተሻለ ፎቶ ብሎ ወደ ስብርባሪው መውጣት፣ በሩን መሳብ፣ ውስጡን መበርበር አይገባም። ያልፈነዱ የኬፒቪቲ ጥይቶች በእሳት ከተገረፉ በኋላ ሳጥናቸው ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ፣ ወለሉ ላይ የእጅ ቦምብ ወይም የአርፒጂ ጭንቅላት ሊኖር ይችላል፣ ዙሪያው ደግሞ ያቆመው ፈንጂ ብቻውን አልተቀበረ ይሆናል። በተለይ ልጆች ላሜራና መዳብ ለመሸጥ ወደነዚህ ቦታዎች ስለሚሄዱ፣ በሠፈራችሁ አንድ ካለ ቀይ ጨርቅ ወይም ድንጋይ በመደርደር አካባቢውን ምልክት አድርጉ፤ ለቀበሌው ወይም ለፖሊስም አሳውቁ።